ቢኦኪውን ከስኬጁል ጋር በሶፍትዌር ማያያዝ፦ ዝርዝር መመሪያ ለጎንደር ኮንትራክተሮችና ቢሮ መሐንዲሶች

ጎንደር ውስጥ የአንድ ኮንትራክተር ቢሮ ገብታችሁ ኮምፒውተሩን ብትከፍቱ ሁለት ፋይል ታገኛላችሁ። አንዱ የዋጋ ግምቱ፣ ማለትም ቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ) ያለበት ኤክሴል ነው። ሌላው ስኬጁሉ (የሥራው የጊዜ ሰሌዳ) ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም። ግምቱ ሶሌታው (የፎቁ ወለል አርማታ) ስንት ብር እንደሚፈጅ ያውቃል፣ መቼ እንደሚሞላ ግን አያውቅም። ስኬጁሉ ቀኑን ያውቃል፣ ብሩን አያውቅም። ስለዚህ ባለቤቱ «ለሚቀጥለው ወር ስንት ብር ላዘጋጅ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመለስለት በአፍ የተባለ ቁጥር ነው።

ከዚያ ሶፍትዌር ይገዛል። ሁለት ሳምንት ይለፋበታል። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ወደ ኤክሴሉ ይመለሳል። ያየኋቸው ሙከራዎች አብዛኞቹ የወደቁት በአንድ ምክንያት ነው። ቢኦኪውን መስመር በመስመር ገልብጠው ስኬጁል አደረጉት። ቢኦኪው የተከፋፈለው ለክፍያ እንዲመች ነው። ስኬጁል የሚከፋፈለው በሥራው ቅደም ተከተል ነው። «ሲ-25 አርማታ ለሶሌታ፣ 180 ሜትር ኪዩብ» ለክፍያ አንድ መስመር ነው። ሳይት ላይ ግን በአራት የተለያየ ጊዜ የሚሞላ አራት ሶሌታ ነው። በመሃል ድልድይ ያስፈልጋል። ከታች ያለው ሥራ ሁሉ ለዚህ ድልድይ ነው።

የስኬጁል ሶፍትዌር የሆኑት ፕሪማቬራም ሆነ ኤምኤስ ፕሮጀክት፣ የድርጅት ሂሳብና ንብረት ማስተዳደሪያ የሆኑት ኤስኤፒም ሆነ ኦዱ፣ የምትጫኑት ቦታ ስሙ ይለያያል እንጂ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። ምሳሌዬ ጂ+3 (ከምድር ቤቱ በላይ ሦስት ፎቅ ያለው) ሕንፃ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሶፍትዌሩን አትክፈቱት። መጀመሪያ እነዚህን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፦

- የተፈረመውን ቢኦኪው። የጨረታውን ረቂቅ አይደለም።
- የእያንዳንዱን ዋጋ ብሬክዳውን፦ ማቴሪያል፣ ጉልበት፣ መሣሪያ፣ ትራንስፖርት።
- ፎርማኑን። አዎ፣ ሰውየውን ራሱን፣ ለግማሽ ቀን።
- የዋጋውን ቀን። እያንዳንዱ ዋጋ መቼ እንደተሰበሰበ የሚጻፍበት ዓምድ ጨምሩ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዚያ ሰሞን ዋጋና ዛሬ የተሰበሰበ ዋጋ በአንድ ዓምድ መቀላቀል የለባቸውም።

ብሬክዳውን ከሌላችሁ እዚህ ቁሙ። ያለ ብሬክዳውን ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባው የጅምላ ብር ብቻ ነው። የጅምላ ብር ደግሞ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግ አይነግራችሁም።

ደረጃ 1፦ ግምቱን አጽዱ

1. ኤክሴሉን በሌላ ስም ገልብጡና በቅጂው ላይ ብቻ ሥሩ።
2. የተዋሃዱ ሴሎችን ሁሉ ፍቱ። የተደበቁ ረድፎችን ግለጡ።
3. የንዑስ ድምር ረድፎችን አጥፉ። ካላጠፋችሁ ሶፍትዌሩ ድምሩንም እንደ አንድ ሥራ ይቆጥረዋል፣ ጠቅላላው ብርም እጥፍ ሆኖ ይወጣል።
4. የአይተም ቁጥሩን ዓምድ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት። ኤክሴል 1.10ን ወደ 1.1 ይለውጠዋል። ያኔ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አንድ ቁጥር ይይዛሉ፣ አንዱም ሌላውን ይውጠዋል።
5. ፋይሉን በሲኤስቪ የምታስቀምጡ ከሆነ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ። አለዚያ የአማርኛው መግለጫ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ መለኪያ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ብዙ ብር የሚጠፋው እዚህ ነው። ሲሚንቶ በግምቱ በኩንታል ይጻፋል፣ መጋዘን በከረጢት ይቆጠራል። ፌሮ (የአርማታ ብረት) በቢኦኪው በኪሎ ነው፣ ሳይት ላይ በቤርጋ (በሙሉ ዘንግ) ነው። አሸዋ በሜትር ኪዩብ ይሰላል፣ የሚመጣው በሲኖትራክ ነው። ለእያንዳንዱ ማቴሪያል አንድ መለኪያ ምረጡና ማባዣውን ጻፉ። አንድ ኩንታል 2 ከረጢት ነው። የ12 ሚሊ ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ 12 ሜትሩ ቤርጋ 10.66 ኪሎ ገደማ ነው። 3,000 ኪሎ ቢያስፈልጋችሁ 282 ቤርጋ ማለት ነው። ሲኖትራኩን ግን በወሬ አትመኑት። የጭነት ሳጥኑን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሜትር ለኩና አባዙ።

ይህን ሳላደርግ የተጎዳሁበትን ልንገራችሁ። የአንደኛ ፎቅ ሶሌታ 48 ሜትር ኪዩብ ነበር። በሜትር ኪዩብ 3.6 ኩንታል፣ ከ5 በመቶ ብክነት ጋር 181.44 ኩንታል ሆነ። ሶፍትዌሩ ውስጥ የሲሚንቶው መለኪያ «ከረጢት» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። እኔ 182 ብዬ አስገባሁ። የግዢ ጥያቄው 182 ከረጢት ሆኖ ወጣ። የሚያስፈልገን 363 ከረጢት ነበር። የታወቀው ሚክሰሩ ከተነሳ በኋላ ነው። አርማታው መሃል ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ደረጃ 2፦ የዳይሬክት ወጪውን ከመሸጫ ዋጋው ለዩ

የቢኦኪው ዋጋ የመሸጫ ዋጋ ነው። በውስጡ ኦቨርሄድ (የቢሮና የሳይት ማስተዳደሪያ ወጪ) እና ትርፍ አለበት። ለየሥራው እንደ ወጪ መግባት ያለበት ዳይሬክት ወጪው (በቀጥታ ለሥራው የሚወጣው) ብቻ ነው።

ለስሌት እንዲመች ክብ ቁጥር ልውሰድ። የአንድ ሜትር ኪዩብ አርማታ ዳይሬክት ወጪ 8,000 ብር ይሁን። 25 በመቶ ኦቨርሄድና ትርፍ ሲጨመርበት 10,000 ይሆናል። 10,000ውን እንደ ወጪ በጀት ካስገባችሁት በ180 ሜትር ኪዩብ ላይ 360,000 ብር ተጨማሪ ወጪ ቢወጣ እንኳ ሶፍትዌሩ አይናገርም። «በበጀት ውስጥ ናችሁ» እያለ ትርፋችሁ ያልቃል።

- ዳይሬክት ወጪውን በወጪ ዓምድ አስገቡ።
- የመሸጫ ዋጋውን በገቢ ዓምድ አስገቡ። ሶፍትዌሩ የገቢ ዓምድ ከሌለው ለብቻው በተጨማሪ መስክ አስቀምጡት።
- 15 በመቶውን ቫት ከሁለቱም አውጡ። ራሱን የቻለ መስመር ይሁን።

ኦቨርሄዱ ደግሞ በሜትር ኪዩብ አይሠራም፣ በቀን ነው የሚሠራው። የጥበቃ ደመወዝ፣ የሳይት መሐንዲስ፣ የቤት ኪራይ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ፣ ሥራው ቢቆምም ይቆጥራል። ከፕሮጀክቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዘረጋ አንድ አክቲቪቲ (በስኬጁሉ ላይ ያለ አንድ የሥራ መስመር) ክፈቱና የቀን ሂሳቡን እሱ ላይ ጫኑ። ፕሪማቬራ ላይ «ሌቭል ኦፍ ኤፈርት» የሚባለው ዓይነት ለዚህ ነው የተሠራው። ሥራው በአንድ ወር ሲዘገይ የመዘግየቱ ዋጋ ወዲያው በብር ይታያል። ለባለቤቱ ከዚህ በላይ የሚጠቅም ቁጥር ሰጥቼ አላውቅም።

ደረጃ 3፦ ኮድ አውጡ

ኮዱ አጭር ይሁን፣ ቁጥር ብቻ ይሁን። ፊደልና ቁጥር ሲቀላቀል አንዱ ነጥብ ያደርጋል፣ ሌላው ሰረዝ ያደርጋል፣ ፍለጋው ይበላሻል። እኔ የምጠቀመው ይህ ነው፦ ብሎክ፣ ፎቅ፣ ሥራ፣ የወጪ ዓይነት።

01-01-330-1 ማለት፦ ብሎክ 1፣ አንደኛ ፎቅ፣ የሶሌታ አርማታ፣ ማቴሪያል።

የወጪ ዓይነቶቹ 1 ማቴሪያል፣ 2 ጉልበት፣ 3 መሣሪያ፣ 4 ሰብ ኮንትራክት፣ 5 ትራንስፖርት ናቸው። ትራንስፖርትን ከማቴሪያል ዋጋ ጋር አታጣብቁት። ከአዲስ አበባ ጎንደር 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጭነት ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ተለይቶ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረጋችሁ ፌሮው የተወደደው ፋብሪካ ላይ ነው ወይስ መንገድ ላይ የሚለውን መመለስ አትችሉም።

ደረጃ 4፦ ስኬጁሉን ከፎርማኑ ጋር ሥሩ

ቢኦኪውን ዝጉት። ፎርማኑን «ይህን ሶሌታ እንዴት ነው የምትሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግራችሁ ነገር ይህን ይመስላል፦ ፎርምወርክ (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ)፣ ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ቱቦ፣ አርማታ መሙላት፣ ውኃ ማጠጣት፣ ድጋፍ ማንሳት። እነዚህ አክቲቪቲዎቻችሁ ናቸው።

ስንት ድረስ ልከፋፍል የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። የእኔ ልክ ይህ ነው፦ አንድ አክቲቪቲ ከሁለት ሳምንት አይብለጥ፣ አንድ ሠራተኛ ቡድን ብቻ ይያዘው። ከዚህ በላይ ካደቀቃችሁት ወር ሙሉ መረጃ ስታስገቡ ትውላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የአክቲቪቲውን ዓይነት «ፊክስድ ዱሬሽን» (ቀኑ የማይለወጥ) አድርጉት። ካላደረጋችሁት ሠራተኛና ብር ስትጭኑበት ሶፍትዌሩ ራሱ ቀኑን ሊያሳጥረው ወይም ሊያስረዝመው ይችላል። 7 ቀን ያላችሁት ሥራ 3 ቀን ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ካላንደሩን ጎንደርኛ አድርጉ

ከሶፍትዌሩ ጋር የመጣውን ካላንደር እንዳለ መጠቀም ትልቅ ስህተት ነው።

1. ከተራን፣ ጥምቀትንና ቃና ዘገሊላን ዝጉ፤ ጥር 10፣ 11 እና 12። በእነዚህ ቀናት ጎንደር ውስጥ ሥራ የለም፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ዕቃ የጫነ መኪና ወደ ከተማ እንዲገባ ዕቅድ አትያዙ። ጥምቀት ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ከሆነበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ነው። 2016 እንደዚያ ነበር፣ 2020ም እንደዚያው ይሆናል።
2. በየወሩ የሚከበሩትን ቀናት ፎርማኑን ጠይቁ። ግንበኛው በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ ወይም በ7 ሥላሴ ላይሠራ ይችላል። ከሰፈር ሰፈር፣ ከቡድን ቡድን ይለያያል። ሳትጠይቁ አትሙሉ።
3. ለቁፋሮና ለውጭ ልስን ሌላ ካላንደር ክፈቱ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን በግማሽ ፍጥነት ቁጠሩት። የውስጥ ሥራው በመደበኛው ካላንደር ይሂድ።
4. የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ 1 አስጀምሩ፣ በፈረንጅ ጁላይ 8 ማለት ነው። የወር መለያያዎቹን በእጅ አስገቡ፣ በአብዛኛው ዓመት እንዲህ ናቸው፦ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ እያላችሁ እስከ ሰኔ 1፣ ጁን 8። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አጣምሩ። ይህን ካላደረጋችሁ የሶፍትዌሩ ወርና የክፍያ ሰርተፊኬታችሁ ወር ፈጽሞ አይገጣጠምም።

ደረጃ 6፦ ድልድዩን ገንቡ

ይህ ዋናው ሥራ ነው። አዲስ ሠንጠረዥ ክፈቱ። አምስት ዓምድ ብቻ፦ የቢኦኪው ቁጥር፣ ኮድ፣ አክቲቪቲ፣ መጠን፣ የአንዱ ዋጋ።

የ180 ሜትር ኪዩቡን መስመር እንውሰድ፦

- አንደኛ ፎቅ ሶሌታ፣ አርማታ መሙላት፦ 48
- ሁለተኛ ፎቅ፦ 46
- ሦስተኛ ፎቅ፦ 46
- የጣሪያ ሶሌታ፦ 40

ድምሩ 180። በመቶኛ አትከፋፍሉ። ሦስት ጊዜ 33.3 ስትደምሩ 99.9 ነው፣ ያቺ የጎደለችው 0.1 በእያንዳንዱ መስመር እየተጠራቀመች ማታ እንቅልፍ ትነሳችኋለች። መጠኑን ከፕላኑ ላይ ለክታችሁ ጻፉ።

የተገላቢጦሹም አለ። አንድ አክቲቪቲ ብዙ የቢኦኪው መስመር ሊወስድ ይችላል። «የአንደኛ ፎቅ ፌሮ» የ8፣ የ10፣ የ12 እና የ14 ሚሊ መስመሮችን ይሸከማል። ችግር የለውም። ድልድዩ የተሠራው ለዚህ ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የድጋፍ እንጨትና የብረት ድጋፍ ኪራይ አርማታው ላይ አይጫንም። ኪራዩ የሚጀምረው ፎርምወርኩ ሲቆም ነው፣ የሚያበቃው ድጋፉ ሲነሳ ነው። በመሃል ያሉት ቀናት ሁሉ ብር ናቸው። ሁለተኛ፣ ግዢን እንደ አክቲቪቲ ስታስገቡ ብር አትጫኑበት። የሲሚንቶው ብር አርማታው ላይ አለ። ግዢው ላይም ከጫናችሁት ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ግዢውን ቀን ብቻ ያለው ምልክት አድርጉት።

ብሩ መቼ እንደሚወጣም ለሶፍትዌሩ መንገር አለባችሁ። ካልነገራችሁት በአክቲቪቲው ቀናት ላይ እኩል ያከፋፍለዋል። ለጉልበት ልክ ነው። ለሲሚንቶ ግን ስህተት ነው፣ ሲሚንቶ ሥራው ሳይጀመር ተከፍሎበታል። ኤምኤስ ፕሮጀክት ላይ «ስታርት» (በሥራው መጀመሪያ)፣ «ፕሮሬትድ» (በቀናቱ ላይ ተከፋፍሎ) እና «ኤንድ» (በሥራው መጨረሻ) የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ማቴሪያልን ስታርት፣ ጉልበትን ፕሮሬትድ፣ በመጨረሻ የሚከፈለውን ሰብ ኮንትራክት ኤንድ አድርጉ።

ደረጃ 7፦ አንድ ፎቅ ብቻ አስገብታችሁ ሞክሩ

ሁሉንም በአንዴ አታስገቡ። ባክአፕ ያዙ፣ ከዚያ አንደኛ ፎቅን ብቻ በዚህ ቅደም ተከተል አስገቡ፦

1. ካላንደር
2. ኮዶች
3. ፎቅና ብሎክ የሚያሳየው መዋቅር
4. አክቲቪቲዎች
5. ከየትኛው ሥራ ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ የሚያሳየው ግንኙነት
6. ማቴሪያል፣ ጉልበትና መሣሪያ ከነመለኪያቸው
7. በመጨረሻ ድልድዩ

ቅደም ተከተሉን ከቀየራችሁ ሶፍትዌሩ የማያውቀውን ኮድ ሲያገኝ ረድፉን ዘሎ ያልፋል። አንዳንዱ በግልጽ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ከየደረጃው በኋላ የገቡትን ረድፎች ቁጠሩ። ኤክሴሉ ላይ 64 ካለ ሶፍትዌሩ ላይም 64 መሆን አለበት።

ደረጃ 8፦ አስታርቁ

ሦስት ድምር ጎን ለጎን ጻፉ፦ የተጣራው ግምት፣ ድልድዩ፣ ሶፍትዌሩ። መጀመሪያ መጠኑን አስታርቁ፣ ከዚያ ብሩን። መጠኑ ሳይገጥም ብሩ ቢገጥም አጋጣሚ ነው፣ አትደሰቱበት።

አለመግጠሙ አያስደንግጣችሁ። ልዩነቱ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል፦

- ሶፍትዌሩ ልክ እጥፍ ካሳየ፦ የንዑስ ድምር ረድፎች ገብተዋል፣ ወይም ፋይሉ ሁለት ጊዜ ተጭኗል።
- የሶፍትዌሩ ድምር የግምቱ 1.15 እጥፍ ከሆነ፦ ቫት አብሮ ገብቷል።
- ልዩነቱ ከኦቨርሄድና ትርፍ መቶኛችሁ ጋር ከገጠመ፦ የመሸጫ ዋጋው ወጪ ሆኖ ገብቷል።
- የሲሚንቶው መስመር ብቻ ግማሽ ወይም እጥፍ ከሆነ፦ ኩንታልና ከረጢት ተምታቷል።
- ልዩነቱ ከአንድ የቢኦኪው መስመር ብር ጋር እኩል ከሆነ፦ ያ መስመር ወድቋል። ቁጥሩ በዜሮ የሚያልቅ ከሆነ የ1.10 ጣጣ ነው።
- ልዩነቱ ጥቂት ብር ከሆነ፦ አስርዮሽ ማጠጋጋት ነው። እለፉት።

አንደኛ ፎቅ ሲገጥም ቀሪውን አስገቡና እንደገና አስታርቁ። ከዚያ የወር ወጪውን ሪፖርት አውጥታችሁ ለፎርማኑና ለባለቤቱ አሳዩ። ጥር ላይ ከፍተኛው ወጪ ከታየ፣ ወይም ነሐሴ ላይ ቁፋሮ ካለ፣ ከእናንተ ቀድመው ያዩታል።

ደረጃ 9፦ ቤዝላይኑን ቆልፉ፣ ከዚያ ስቶሩን አስተምሩ

ሁሉም ከተስማማ ቤዝላይን (ሥራው የሚነጻጸርበት የመነሻ ዕቅድ) አስቀምጡ። ቀኑን በስሙ ላይ ጻፉ። ከዚህ በኋላ አትነኩትም። ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ አሮጌውን መስመር አታሳድጉ፣ በ900 የሚጀምር አዲስ የሥራ ኮድ ስጡት። ዋጋ ሲጨምርም የቤዝላይኑን ዋጋ አትቀይሩ። የቀሪውን ሥራ ዋጋ ብቻ አድሱ።

እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ የሚድነው ወይም የሚሞተው ስቶር በር ላይ ነው። አዘዞ አካባቢ በነበረን ሳይት ለስቶር ኪፐሩ ስምንት አኃዝ ያለው ኮድ ሰጠሁትና በየወጪ ቫውቸሩ ላይ እንዲጽፍ ነገርኩት። በወሩ መጨረሻ ቫውቸሮቹን ስሰበስብ አብዛኞቹ ላይ «ለሳይት» የሚል ብቻ ተጽፎ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አሥር ሰው ዕቃ ስጠኝ እያለ ሲጮህበት ማን ስምንት አኃዝ ይጽፋል? በኋላ የሕንፃውን ቀላል ሥዕል በአንድ ወረቀት አተምን። እያንዳንዱ ክፍል ላይ ከ1 እስከ 12 ቁጥር አደረግንበት። በሩ ላይ ለጠፍነው። እሱ ቫውቸሩ ላይ «7» ብሎ ይጽፋል፣ ቢሮ ውስጥ እኛ 7ን ወደ ሙሉው ኮድ እንቀይራለን። በሚቀጥለው ወር ቁጥር ያልተጻፈባቸው ቫውቸሮች ሦስት ብቻ ነበሩ።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት እነዚህን ሦስት ነገሮች አስገቡ፦ የተሠራው መጠን፣ የወጣው ማቴሪያል፣ የሠራተኛ ቀን። የሥራውን መጠን «70 በመቶ ደርሷል» ብላችሁ በዓይን አትገምቱ። ሜትር ይዛችሁ ለኩ።

መሃል ላይ ሲበላሽ

*ወጪው ሁሉ በአንድ ቀን ተከምሮ ከታየ፦* አክቲቪቲዎቹ አልተያያዙም። ደረጃ 7 ቁጥር 5 ተዘሏል። ግንኙነቱን አስገብታችሁ ስኬጁሉን እንደገና አስሉ።

*ቀኑ ሲገፋ ብሩ ባለበት ከቀረ፦* ብሩ የተጫነው አክቲቪቲው ላይ ሳይሆን በላይኛው መዋቅር ላይ ነው። አውርዱት።

*ፌሮው መንገድ ላይ ከቆየ፦* የግዢውን ምልክት ቀን ወደፊት ግፉና ምን ምን ሥራ አብሮ እንደተገፋ እዩ። የኦቨርሄዱ መስመር ስንት እንደጨመረ ጻፉ። ከዚያ ከሌላ ሻጭ በውድ መግዛት ያዋጣል ወይስ መጠበቅ የሚለውን በቁጥር ወስኑ።

*እያስገባችሁ መብራት ከጠፋ፦* መብራቱ ሲመለስ ያንኑ ፋይል ደግማችሁ አትጫኑ። ግማሹ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ከደገማችሁት እጥፍ ይሆናል። ወደ ባክአፑ ተመለሱ፣ ረድፎቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው አስገቡ።